መርከብ የሌለው ታይታኒክ

«በሰው ሞት ላይ ይዘፈናል እንዴ?» ብላ የጠየቀችኝ እናቴ ናት። በደቡብ እንግሊዝ በምኖርበት ከተማ አንድ የአማተር ቴአትር ቡድንና አንድ የወጣቶች ክበብ ተባብረው «ታይታኒክ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ሊያሳዩ ነው፣ እኔ የሕክምናና የታሪክ አማካሪ ሆኛለሁ፣ የልጅ ልጅሽም ትጫወታለች ብዬ በስልክ ስነግራት ነው እንዲህ ያለችኝ። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። 1,500 የሚጠጋ ሰው ያለቀበትን ሌሊት ትኬት ቆርጦ፣ ሙዚቃ እየሰሙ ማየት ምን የሚሉት ነገር ነው? መልሱ ግን እሷው ዘንድ ነበር። ባደገችበት በጎጃም ለቅሶ ላይ አልቃሽ ትጠራለች። አልቃሿ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፣ ሥራውን ትቆጥርለታለች፣ በግጥምና በዜማ። ዜማው ሐዘኑን ለማቅለል የገባ አይደለም፤ ስሙ በዋዛ እንዳይረሳ ነው። «እንግዲያው ሙሾ ነዋ!» አለች። ነው አልኳት። ሙሾ ብቻ ግን አይደለም፤ ምርመራም ነው። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችሁ ውጪ ስለያዛችሁ ነገር ጻፉ ስላሉን፣ እኔ ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

አብዛኞቻችን የእኔ ዘመን ተማሪዎች ታይታኒክን የምናውቀው ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ቪዲዮ ቤት ተጋፍተን ባየነው ፊልም ነው። ሙዚቃዊው ተውኔት ከፊልሙ የተቀዳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። ተውኔቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1997 ሲሆን ፊልሙ የወጣው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው። ድርሰቱ የፒተር ስቶን፣ ሙዚቃና ግጥሙ የሞሪ ዬስተን ነው። ፊልሙ ሁለት ፍቅረኞችን ተከትሎ ሲሄድ ተውኔቱ የሚከተለው ሕዝብ ነው። ከሰል አቃጣዩ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛው፣ ኬት የሚባሉ ሦስት የአየርላንድ ልጃገረዶች፣ ሀብታሞቹን ከሩቅ እያየች ስማቸውን የምትቆጥር የሁለተኛ ማዕረግ ሴትዮ፣ ካፒቴኑ፣ መሐንዲሱ፣ የኩባንያው አለቃ። ዋና ተዋናይ የለውም ማለት ይቻላል።

ብሮድዌይ ላይ ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ ከአንድ ትልቅ ማሽን ጋር መታገል ነበረበት። የመድረኩ ወለል ፎቅ በፎቅ ሆኖ በሃይድሮሊክ እየዘመመ መርከቧን ማስመጥ ነበረበት፤ በሙከራ ትርኢቶቹ ወቅት ማሽኑ አስቸግሮ መርከቧ አልሰምጥም ማለቷ ጋዜጠኞቹን ሲያስቅ ከረመ። በኋላ ተሳካለት። ምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔት የሚለውን ጨምሮ አምስት የቶኒ ሽልማት ወሰደ፤ 804 ጊዜ ታየ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ውስጥ ሳውዝዋርክ በሚባል ትንሽ ቴአትር ቤት 20 ተዋንያንና ጥቂት ሙዚቀኞች ብቻ ይዘው አሳዩት። ማሽን የለም፤ ፎቅ የለም። አንዱ ተዋናይ ኮት ቀይሮ ሚሊየነር፣ ኮቱን አውልቆ ከሰል አቃጣይ ይሆናል። ተወደደላቸው። ያን ጊዜ ነው ለእኛ ቢጤዎቹም በሩ ወለል ብሎ የተከፈተው፤ መርከቡን መግዛት ግዴታ እንዳልሆነ ታወቀና።

አማተሮች የውሃ ጥፋትን መድረክ ላይ ሲያወጡ ግን ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የኖኅን ታሪክ የሚያሳዩት የእጅ ሙያ ማኅበራት ነበሩ። በዮርክ ከተማ መርከቧን መሥራቱን የሚጫወቱት መርከብ ሠሪዎቹ ራሳቸው፣ ጎርፉን የሚጫወቱት ደግሞ ዓሣ አጥማጆችና ባሕረኞች ነበሩ። በቼስተር ከተማ የጥፋት ውሃው የተሰጠው ለውሃ ቀጂዎቹ ነው። ይህ ምደባ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለው፤ ውሃን የሚያውቅ ሰው ስለ ውሃ ይናገር ማለት ነው። ቤንጃሚን ብሪተን እ.ኤ.አ. በ1958 ያንኑ የቼስተር ጽሑፍ ወስዶ ለሕፃናትና ለአማተሮች ኦፔራ አድርጎ ሠራው፤ የመጀመሪያዎቹን የዝናብ ጠብታዎች ድምፅ ያወጣው በገመድ የተንጠለጠሉ የሻይ ኩባያዎችን በእንጨት ማንኪያ በማስመታት ነው። በእኛም አገር ቢሆን ዘመናዊው ቴአትር እግር ያወጣው ተማሪ ቤት ውስጥ አይደል? ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥምና ዜማ እያስጠና መድረክ ላይ ያወጣቸው ተማሪዎቹን ነበር።

አሁን ወደ መርከቧ ልመለስ። ሚያዝያ 6 ለ7 አጥቢያ 1904 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር አፄ ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው። ታይታኒክ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ከበረዶ ግግር ጋር ተጋጨች፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ሰመጠች። 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ የአንድ ተውኔት ዕድሜ ነው። ሕይወት አድን ጀልባዎቹ 20 ሲሆኑ የሚይዙት 1,178 ሰው ነበር፤ ተሳፋሪና ሠራተኛው ግን ከ2,200 በላይ። ሕጉ ተጣሰ እንዳይባል እንኳ አልተጣሰም። የጀልባ ቁጥር የሚወሰነው በመርከቧ ቶን እንጂ በሰው ብዛት አልነበረም፤ ደንቡም ስለ 10,000 ቶን መርከብ ሲያስብ የወጣ ነው። ታይታኒክ ከ46,000 ቶን በላይ ነበረች።

በሎርድ መርዚ የተመራው የእንግሊዝ መርማሪ ጉባኤ ከ25,000 በላይ ጥያቄዎችን ጠየቀ። በመጨረሻ ያወጣው ሰንጠረዥ እንደማንኛውም የሞት ሰንጠረዥ ደረቅ ነው፤ እኛ ሐኪሞች ግን ደረቅ ሰንጠረዥ ማንበብ ሥራችን ነው። ከአንደኛ ማዕረግ 144 ሴቶች 140 ተርፈዋል። ከሦስተኛ ማዕረግ 165 ሴቶች የተረፉት 76 ናቸው። የሁለተኛ ማዕረግ ልጆች 24 ነበሩ፤ 24ቱም ድነዋል። የሦስተኛ ማዕረግ ልጆች 79 ነበሩ፤ የዳኑት 27። «ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ» የተባለው ትእዛዝ እንግዲህ ከደረጃው በታች ሲወርድ ድምፁ ቀንሷል። ጉባኤው ግን በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ላይ አድልዎ አልተደረገም ብሎ ደመደመ። ይህን ሲደመድም ከሦስተኛ ማዕረግ የተረፈ አንድም ተሳፋሪ ጠርቶ አላነጋገረም። የአሜሪካው ሴኔት ቢያንስ ጥቂቶቹን ሰምቷል፤ የእንግሊዙ አንድም።

ምርመራ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ተውኔቱ ሲጀምር ሦስቱ ማዕረጎች በየተራ እየዘመሩ ሳውዝሀምፕተን ላይ ይሳፈራሉ፤ የሦስተኛው ማዕረግ ኅብረ ዝማሬ እንደ አንደኛው ሙሉ ድምፅ አለው። ያልተጠሩት ምስክሮች ከመቶ ዓመት በኋላ ተጠሩ ማለት ነው። በባለሙያ ቴአትር ቤት ይህን የሚዘምሩት ጥቂት የሠለጠኑ ድምፆች ናቸው። በእኛ አዳራሽ ግን የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጣ የመርከብ በያጅ፣ የሒሳብ መምህርት፣ ሁለት ነርሶች፣ 24 ታዳጊዎች ቆመው ነው የዘመሩት። የአንዳንዱ ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን በሦስተኛ ማዕረግ የሚሳፈር ሕዝብ ድምፁ ካልተሰነጠቀ ማን ይሰነጠቅለት?

ልምምዱ የተጀመረው በጥር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ነው። አዘጋጇ በሁለተኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ አንድ ካርድ አደለች። በካርዱ ላይ በእውነት በመርከቧ ላይ የነበረ የአንድ ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ማዕረግ አለ፤ መጨረሻው ግን አልተጻፈበትም። ስሞቹን ከተሳፋሪው መዝገብ እንድመርጥ የተሰጠሁት እኔ ነኝ። ለልጆቹ ስመርጥ አንዱን ቤተሰብ ልለፈው ብል አልቻልኩም፤ ጉድዊኖችን። አባትየው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፣ ኒያጋራ አካባቢ ሥራ ሊይዝ የሚሄድ። እናትና ስድስት ልጆች አሉ። በጊዜው በነበረው የከሰል አድማ ምክንያት ከሌላ መርከብ ወደ ታይታኒክ የተዛወሩ ናቸው። ስምንቱም ሞቱ።

ከእነሱ ትንሹ ሲድኒ የ19 ወር ሕፃን ነበር። አስከሬን ፍለጋ ከሃሊፋክስ የተላከችው መርከብ ካወጣቻቸው ውስጥ አንድ ማንም ያላወቀው ሕፃን ነበረበት፤ ባሕረኞቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ቀበሩት፤ «ያልታወቀ ሕፃን» የሚል ድንጋይ አቆሙለት። እ.ኤ.አ. በ2002 በዘረመል ምርመራ የፊንላንድ ልጅ ነው ተባለ። አንዳንዶች አልተዋጠላቸውም፤ የተገኘችው ጫማ ለ13 ወር ሕፃን ትልቅ ነች። በ2007 የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. እንደገና በጥልቀት ታይቶ ሲድኒ ጉድዊን መሆኑ ታወቀ። 95 ዓመት ፈጀ። ለተማሪዎች ስለ ምርመራ ውጤት አተረጓጎም ሳስተምር ይህን ታሪክ ሳልነግራቸው አላልፍም፤ ላቦራቶሪው የነገረህንና ጫማው የነገረህን አስታርቅ፣ ካልታረቁ እንደገና መርምር።

ጠቡ የመጣው ከነዚህ ካርዶች ነው። በመጋቢት ጀልባዎቹ የሚሞሉበት ትዕይንት ላይ ስንደርስ ከወላጆች አንዷ ተነሥታ ልጆቹ በሙሉ ጀልባ ላይ ይውጡ አለች። «ልጄ መድረክ ላይ እንድትሞት አልፈልግም» አለች፤ ብዙዎች አጨበጨቡ። ሰው መናቅ አይደለም፤ እኔም እናት ነኝ። አዘጋጇ ወደ እኔ ዞራ «ዶክተር ምን ትላለች?» አለች፣ የምትፈራው የልጆቹን አእምሮ ጤና ነበርና።

ያልኳቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሐሳቤ የሐኪም ነበር። አንድ የ12 ወይም የ14 ዓመት ልጅ የሞተ ሰው ሆኖ መጫወቱ በራሱ አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ሳይነገረው ድንገት ሲገባበት፣ መውጫ ሲያጣና ብቻውን ሲተው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ይነገራቸው፣ አልፈልግም ያለ ልጅ ምክንያት ሳይጠየቅ ሌላ ቦታ ይሰጠው፣ ከልምምድ በኋላም ሁሉም ልብሱን አውልቆ፣ ክብ ሠርቶ፣ የራሱን ስምና ዛሬ ማታ ቤቱ ምን እንደሚበላ ጮክ ብሎ ይናገር። የቴአትር ሰዎች ከገጸ ባሕርይ መውጣት የሚሉት ነገር አላቸው፤ በእኛ ቋንቋ የታካሚን ጉዳይ ቤት ይዞ አለመግባት ነው፤ ማናችን ቻልንበት እንጂ። ሁለተኛው ሐሳቤ ስለ ቁጥሩ ነበር። ከ79 ልጆች 27 ከዳኑ ከእኛ 24 ልጆች የሚድኑት 8 ናቸው። 24ቱንም ጀልባ ላይ ካወጣናቸው የምናሳየው የሦስተኛውን ማዕረግ ሳይሆን የሁለተኛውን ታሪክ ነው። የእንግሊዙ ጉባኤ አንድ ጊዜ አልሰማቸውም፤ እኛ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ልንሰርዛቸው ነው።

አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ዝምታ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የረዳኝ የኔ ክርክር ሳይሆን የልጆቹ ነው። አንድ ጉድዊን የደረሰው ልጅ እጁን አውጥቶ «እኔ መጨረሻዬን ፈልጌ አንብቤዋለሁ፤ አብሬው ልሆን እፈልጋለሁ» አለ። ልጆች ከእኛ ይልቅ ለሞተ ሰው ይታመናሉ። እዚህ አገር ልጅን ከቀብር ማራቅ እንደ ደግነት ይቆጠራል፤ እኛ ልጆቻችንን ለቅሶ ቤት ይዘን እንሄዳለን፣ ንፍሮ ይዞራል፣ ልጁ ከጥግ ሆኖ ሁሉን ያያል። የትኛው ይሻላል ብዬ ለመፍረድ አይደለም፤ ቢሆንም በዚያ ምሽት የራሴ አስተዳደግ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል። ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አስወጡ፤ አንዷ ልጅ ከሳምንት በኋላ ተመለሰች። ስምንቱ ጀልባ ላይ ወጡ። የቀሩት በአዳራሹ ወለል ላይ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መድረክ ላይ የወደቀም፣ የጮኸም የለም። አንዱ የዳነ ካርድ የሚልቪና ዲን ነበር፤ በሁለት ወር ዕድሜዋ ከሳውዝሀምፕተን የተሳፈረች፣ አባቷን ያጣች፣ ከተረፉት ሁሉ የመጨረሻዋ ሆና እ.ኤ.አ. በ2009 በ97 ዓመቷ ያረፈች የሦስተኛ ማዕረግ ሕፃን።

ለልጄ የደረሳት ዊልያም ዋትሰን ነው፤ ደወል ሲደወል የሚሮጥ ተላላኪ፣ 14 ዓመቱ። በመኪና ስንመለስ «እማ፣ ደመወዙን እናቱ ተቀበለች?» አለችኝ። የሠራተኞቹ ደመወዝ የተቆጠረው መርከቧ እስከ ሰመጠችበት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አይከፈልም። ይህን ስነግራት እቤት እስክንደርስ ዝም አለች።

ተውኔቱ ራሱ ከታሪክ የሚርቅበት ቦታ አለ፤ ይህንንም ለቡድኑ ሳልነግራቸው አላለፍኩም። በተውኔቱ ውስጥ ከሰል አቃጣዩ ፍሬደሪክ ባሬት ለሚወዳት ልጅ ተሰናብቶ መርከቧ ላይ ይቀራል፤ አየርላንዳዊው ጂም ፋረል ግን ጀልባ ይዞ ይተርፋል። በእውነት የሆነው ግልባጩ ነው። ባሬት በ13ኛው ጀልባ ተርፎ በመርማሪ ጉባኤው ፊት ቆሞ ውሃው በጎን ሰንጥቆ ሲገባ ያየውን መስክሯል። ፋረል ሞቷል። በሕይወት የተረፉ የአገሩ ልጆች እንደተናገሩት፣ የሦስተኛው ማዕረግ በር ሲዘጋባቸው በመርከበኛው ላይ ጮሆ ያስከፈተላቸው እሱ ነው። ደራሲው ለምን ገለበጠው? ለድራማ ይመቸዋል፤ ሠራተኛው መሥዋዕት፣ ስደተኛው ተስፋ ይሆናል። አልኮንነውም። ግን በእኛ ዝግጅት ላይ ባሬትን የሚጫወተው በያጅ የእውነተኛውን ሰው ምስክርነት በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ እንድናስገባ ጠየቀ። አስገባን። ከዚያ በኋላ የሚዘምረው ዘፈን እንዳልተቀየረ አውቃለሁ፤ አዘማመሩ ግን ተቀየረ ባይ ነኝ።

ሕክምናው ላይ የተጠየቅኩት በዋናነት ስለ ብርድ ነው። የዚያን ሌሊት ባሕሩ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ነበር፤ ጨው ስላለበት አልረጋም። አብዛኛው ሰው የሞተው ተንሳፍፎ ነው፤ የነፍስ ማዳኛ ሰደርያ ነበራቸውና። ስለ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስተምሩ ሰዎች 1፣ 10፣ 1 የሚሉት መቁጠሪያ አላቸው። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽህን መቆጣጠር አትችልም። 10 ደቂቃ ያህል እጅና እግር ይታዘዙሃል። 1 ሰዓት ገደማ ሲሆን ራስህን ትስታለህ፤ በዚያን ሌሊቱ ውሃ ደግሞ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። ወጣቶቹ ከፊልም የተማሩት መንፈራገጥና መጮህ ነው። እኔ ያሳየኋቸው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ድንገተኛ ማቃተት፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ብርድ የመታው ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ተሻለው ብላችሁ አትዘናጉ አልኳቸው፤ ያኔ ነው የሚፈራው። አዘጋጇ ሙዚቃውን አስቁማ የልጆቹን ትንፋሽ ብቻ አስቀረች። ትንፋሹ ቀስ በቀስ ሲያልቅ ተመልካቹ መቼ እንደቆመ አላወቀም።

በተውኔቱ ጉልህ ቦታ ያልተሰጣቸው የሙያ ወንድሞቻችንን ላንሳ። የመርከቧ ሐኪሞች ዶክተር ዊልያም ኦሎክሊንና ረዳቱ ዶክተር ጆን ሲምሰን ነበሩ፤ ኦሎክሊን ዕድሜውን ባሕር ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ሁለተኛው መኮንን ላይቶለር እነዚህ ሰዎች መጨረሻ ላይ ወደ እሱ መጥተው እንደተጨባበጡና እንደተሰነባበቱ ጽፏል። ሁለቱም አልተረፉም። ነፍስ ልታድን እየገሰገሰች የመጣችው ካርፓቲያ ላይ ሦስት ሐኪሞች ነበሩ። ካፒቴን ሮስትሮን እንግሊዛዊውን በአንደኛ ማዕረግ ምግብ አዳራሽ፣ ጣሊያናዊውን በሁለተኛ፣ ሀንጋሪያዊውን በሦስተኛ መደበ። ከሞት አፍ ወጥተህ እንኳ ማዕረግህን ይዘህ ነው ሐኪም የምታየው! ቢሆንም የዚህን ሰው የትእዛዝ ዝርዝር ለማንኛውም የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ ባስነበብኩ እላለሁ። ብርድ ልብስ፣ ሾርባ፣ ቡና፣ በየመግቢያው መብራት፣ መሰላል፣ ሕፃናቱን መጎተቻ ደግሞ የአመድ ማውጫ የሸራ ከረጢት። ይህን ሁሉ ያዘጋጀው 58 ማይል በበረዶ መሐል እየሮጠ ነው።

ስለ ሙዚቀኞቹ ባጭሩ፣ ሁሉም ያውቀዋልና። ስምንት ነበሩ፣ አንድም አልተረፈም። ሰው የማያውቀው፣ የአንዱ ወጣት ቫዮሊን ተጫዋች አባት ከቀጣሪው ወኪል የልጁን የደንብ ልብስ ቀሪ ሒሳብ ክፈል የሚል ደብዳቤ እንደደረሰው ነው። የእኛ ኦርኬስትራ ልጆች ይህን ከሰሙ በኋላ ዩኒፎርም አንለብስም አሉ፤ በየቤታቸው ልብስ ተጫወቱ። አላስቸገረም።

ትርኢቱ በሚያዝያ አራት ምሽት ታየ። ሳውዝሀምፕተን ከእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ከዚያች ከተማ ብቻ ወደ 549 ሰው አልቋል፣ አብዛኛው ሠራተኛ። ስለዚህ ተመልካቹ መሐል የሟች የልጅ ልጅ ልጅ መኖሩ አይቀርም ብለን ጠብቀን ነበር፤ ነበሩም። መርከብ አልነበረንም። የነበረን ወንበር፣ ሁለት መሰላልና አንድ ገመድ ነው። መጨረሻው ላይ፣ ደራሲዎቹ እንዳሰቡት፣ የተረፉት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ቆመው ሳለ የሞቱት ተመልሰው ከጎናቸው ይቆማሉ፤ ወለል ላይ የተቀመጡት ልጆች ተነሥተው መድረክ ላይ ሲወጡ አንድ አዛውንት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ማንም አላስቀመጣቸውም።

ካርዶቹን ስጽፍ የከረምኩበት ወቅት አንድ ሌላ ነገር አልለቀቀኝም። እኛም የራሳችን ሌሊት አለን፤ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊያችንን አውጥተን ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ጭሱን እናውቀዋለን፣ ሰዎቹን አናውቃቸውም። ለታይታኒክ 24 ካርድ ለመጻፍ የፈጀብኝ ሁለት ምሽት ነው፤ መዝገቡ ስም በስም፣ ዕድሜ በዕድሜ ተቀምጧል። ለኅዳር በሽታ እንዲህ ያለ የተሳፋሪ መዝገብ የለንም። ያለው በየቤቱ ነው፤ «አያቴ በዚያ በሽታ ሦስት ልጆች ቀበረች» እየተባለ የሚነገረው።

ከዩኒቨርሲቲያችን የቴአትር ጥበባት ክፍል ጋር እየሠሩ ያሉ ሁለት የባች ጓደኞቼ፣ ከተማሪዎችና ከሠፈር የወጣት ክበባት ጋር ሆነን ይህን መድረክ ላይ እናውጣው ብለው ተስማምተዋል። ዜማው አያሳስበኝም፤ ሙሾ ያለው አገር ዜማ አያጣም። የሚያስፈልገኝ ካርዶቹ ናቸው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ አዛውንት በቤታችሁ ያሏችሁ፣ ጠይቁልኝ፤ የሟቹን ስም፣ ዕድሜውን፣ ሠፈሩን፣ ሥራውን፣ ማን እንደቀበረው። ስሙ ከጠፋ «የእገሌ ታናሽ እህት» ቢሆንም ይበቃል። እስከ መጪው መስከረም በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ይደርሰኛል።